ለአንድ ቀን አንኮበርና ጣርማ በር፦ ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ራቭ ፎር ወይስ ሃርድቶፕ?

የጠባሴዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ኅዳር አጋማሽ ላይ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች አሉን። ከደብረ ብርሃን ተነሥተን በአንድ ቀን አንኮበርን፣ ጣርማ በርን፣ ከተቻለም የመንዝ ጓሳን ልናሳያቸው አስበናል። አምስት ነን፤ አንዷ እናቴ ናት፣ ጉልበቷን ያማታል።

እስካሁን የተገኙት የኪራይ መኪናዎች ባለ 1.0 ቪትዝ አውቶማቲክ፣ የድሮ ኮሮላ 1.6 ማንዋል፣ ራቭ ፎር 2.0 አውቶማቲክ እና ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ከነሹፌሩ ናቸው። ዋጋቸውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የሚጨምረው። ወንድሜ «ተራራ ነው፣ ከሃርድቶፕ ሌላ አይታሰብም» ይላል፤ ባለቤቴ ደግሞ «ቪትዝ ምን አነሰው» ባይ ነው። መንገዱንም መኪናውንም የምታውቁ የትኛውን ትመክሩናላችሁ? ስንረከብስ ምን ምኑን እንይ?

መንገደኛው

እህቴ፣ መኪናውን ከመምረጣችሁ በፊት ጓሳን ከዕቅዱ አውጡት። ግማሹ ጭቅጭቅ ያኔ ያልቃል።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአንኮበር በቀጥታ ወደ ደብረ ሲና ለማቋረጥ ለቤት መኪና የሚመች መንገድ ስለሌለ ተመልሳችሁ ደብረ ብርሃን ትገባላችሁና ደርሶ መልሱን 80 ቁጠሩት። ከደብረ ብርሃን በጉዶ በረት አድርጎ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ደብረ ሲና ድረስ ደግሞ 60 ገደማ፣ ደርሶ መልስ 120። ሁለቱ ሲደመሩ 200 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ፤ በአንድ ቀን፣ ምሳ ተበልቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ሳይጣደፉ የሚሠራ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከተነሣችሁ 11 ሰዓት ላይ ቤት ናችሁ።

ጓሳ ግን ከአዲስ አበባ ሲቆጠር 260 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከእናንተ ወደ 130 ማለት ነው፣ መሄጃው ብቻ። ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ተገንጥላችሁ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ስትገቡ በሰዓት 30 እና 40 የምትሄዱበት ቦታ ብዙ ነው። ቦታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው አምባ ነው። ቀይ ቀበሮውን ለማየት ጥሩው ጊዜ ማለዳና ማምሻ ነው። ቀትር ላይ ደርሶ በ8 ሰዓት ለመመለስ መሮጥ የጓሳውን ሣር ብቻ አይቶ መምጣት ነው። ጓሳ ማደርን ይፈልጋል። ዘመዶቻችሁ ጭላዳ ማየት ከሆነ የፈለጉት ጣርማ በር አካባቢ አፋፉ ላይ ሲግጥ ይገኛል።

አንኮበርን ጠዋት አድርጉት። ጎረቤላን አለፍ ብሎ የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ የሚወጣው በእግር ነው፤ ለእናትሽ ዳገቱ ፀሐይ ሳይበረታ ይሻላል፣ ወይም ታች ሆነው ይጠብቁ። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ «ትንሽ ወረድ ብለን እንይ» የሚል ሰው አይጠፋም። በቤት መኪና እሺ አትበሉት። መውረዱ ቀላል ነው፤ አምስት ሰው ጭኖ መመለሱ ነው ጣጣው።

የመንገዱን ሰላም በዋዜማው ማታ እና በዕለቱ ጠዋት መናኸሪያ ካሉት የደብረ ሲና መስመር ሹፌሮች ጠይቁ። መንገዱ ክፍት ሆኖ የሰዓት ገደብ የሚኖርበት ጊዜ አለና ዕቅዳችሁን በብርሃን መመለስ ላይ ሥሩት። ነዳጁንም በዋዜማው ሙሉ፤ ሰልፍ ከገጠማችሁ ጠዋታችሁ ማደያ ላይ ያልቃል።

ደብረ ሲና ደርሶ ቆሎ ሳይገዙ መመለስ ደግሞ ያው ነውር ነው።

ባለ ካምቢዮ

ከላይ በተሰጠው የ200 ኪሎ ሜትር ዕቅድ ልሂድ። በዚህ መንገድ ላይ መኪና የሚፈተነው በሁለት ነገር ነው፦ ሲወጣ በሙቀት፣ ሲወርድ በፍሬን። አራት ጎማ መጎተቱ ሦስተኛ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በደንብ የተያዘ ኮሮላ ከደከመ ሃርድቶፕ ይበልጣል።

ደብረ ብርሃን ራሱ 2,840 ሜትር ላይ ነው፣ ጣርማ በር ከ3,000 ያልፋል። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባለት) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ባለ 1.0 ቪትዝ ከፋብሪካ ሲወጣ 70 ፈረስ ጉልበት ያህል ነበረው፤ እዚያ ላይ 50 ይቀረዋል። አምስት ሰው ከነዕቃው 350 ኪሎ ግራም ነው። ይወጣል፣ አይወጣም አይደለም፤ ግን ከደብረ ሲና ስትመለሱ በአንደኛና በሁለተኛ እያቃሰተ ነው የሚወጣው፣ ከፊት የተጫነ ከባድ መኪና ቢገጥማችሁም መቅደም አይታሰብም። ወንድምሽም ይህን ይስማ፦ ቱርቦ የሌለው ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር የያዘው የድሮው ሃርድቶፕም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ጥቁር ጭስ እየተፋ ነው የሚወጣው።

ሙቀቱን ብዙ ሰው በተሳሳተ ቦታ ይፈልገዋል። 3,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። የብዙ መኪና ማራገቢያ ደግሞ የሚነሣው 95 ገደማ ሲደርስ ነው። ይህን ክፍተት የሚሸፍነው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ110 በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀና ግፊት ካልያዘ ውሃው ማራገቢያው ሳይነሣ መፍላት ይጀምራል። «አዲስ አበባ ላይ ደህና ነበር፣ ጣርማ በር ላይ አፈላ» የሚባለው መኪና ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ክዳን ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክፈቺው፤ ጎማው ከተሰነጠቀ፣ ወይ ውሃው የዝገት ቀለም ካለው፣ ያንን መኪና ተይው። ሞተሩ ሞቆ እያለ ግን ማንም ክዳን እንዳይነካ።

ወደ ቁልቁለቱ ስንመጣ፦ ከጣርማ በር ደብረ ሲና ያለው መውረድ መካከለኛ ነው። ሸዋ ሮቢት ድረስ ከቀጠላችሁ ግን ወደ 1,280 ሜትር ነው የምትወርዱት፤ በአንድ ትንፋሽ 1,800 ሜትር ያህል ማለት ነው። ደብረ ሲና ላይ ተመለሱ የምለው ለዚህ ነው። ፍሬን ተረግጦ ሲወረድ ሸራው ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ያልፋል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ይችላል፤ ከአየር እርጥበት እየጠጣ ሲያረጅ ግን መቻሉ ወደ 140 ይወርዳል። ያኔ ዘይቱ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ ስፖንጅ ይሆናል፣ ትረግጪዋለሽ መኪናው አይቆምም። መፍትሔው ያው የድሮ ሹፌሮች ምክር ነው፦ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ማንዋል ከሆነ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ከዲ ወደ 2 ወይም ኤል፣ አንዳንዱ ላይ ቢ የሚል አለ፣ ኦቨርድራይቭ (ለፈጣን ጉዞ የሚሆነው ከፍተኛ ማርሽ) ያለው ቢያንስ እሱ ይጥፋ። ፍሬኑን ረገጥ አድርጎ ለቀቅ እንጂ እግርን አስደግፎ መውረድ የለም። የተቃጠለ ሸራ ከሸተተ ቁሙና 20 ደቂቃ አብርዱት፤ ውሃ አታፍሱበት፣ ዲስኩ ይጣመማል።

ከአራቱ የኔ ምርጫ ራቭ ፎሩ ነው፣ ሁኔታው ጥሩ ከሆነ። ምክንያቱ አራት ጎማ መጎተቱ አይደለም፤ ብዙው ራቭ ፎር በፊት ጎማ ብቻ የሚጎተት ነው። ከኋላ አጎንብሰሽ ስታዪ መሐል ላይ ዲፍረንሻል (ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው) ከሌለው «ፎር ዊል ነው» ቢሉሽም አትመኚ። የመረጥኩት ለእናትሽ ነው። የራቭ ፎር ወንበር ዳሌ ላይ ነው የሚደርሰው፣ ዞር ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው። ቪትዝ ወደ ታች መቀመጥ፣ ለመነሣትም ጉልበት ላይ መደገፍ ይጠይቃል፤ ሃርድቶፕ ደግሞ መውጣትን። የሃርድቶፑ የኋላ ወንበር ፊት ለፊት የተያየ አግዳሚ ከሆነ በጠመዝማዛ መንገድ በጎን መቀመጥ ያዞራል፣ ቀበቶም ላይኖረው ይችላል። ራቭ ፎሩ ካልሆነ ኮሮላው። ቪትዙ ለሦስት ሰው ይሁን።

ስትረከቡ ደግሞ፦ ሞተሩ ሳይነሣ እንዲጠብቃችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ሞቆ ከጠበቃችሁ ጠዋት የማስነሣት ችግሩን ደብቀውላችኋል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ የደከመ ባትሪን አይምርም። የፍሬን ፔዳሉን ለ30 ሰከንድ አጥብቃችሁ ርገጡ፤ ቀስ እያለ ከሰመጠ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ማስተር ያፈሳል። ከዚያ 10 ደቂቃ ነድታችሁ ቁሙና እጃችሁን ወደ አራቱም ቸርኬ አስጠጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ፍሬኑ ይዞ ነው የሚሄደው። የእጅ ፍሬኑን ዳገት ላይ ሞክሩት። ጎማው ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፦ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ ለዚህ ጉዞ አይሆንም። ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) ከቦታው አውጥታችሁ እዩ፣ አየር እንዳለው ተጫኑት፤ ክሪክና የቡሎን መፍቻ አብረው መኖራቸውን፣ መፍቻውም የዚያው መኪና ቡሎን ላይ በእርግጥ መግባቱን ሞክሩ። ይኼ የመጨረሻው የሚያስቅ ይመስላል፣ መንገድ ላይ ግን አያስቅም።

ዘመንዝ

ሃርድቶፑን እንዲህ አታሳንሱት እንጂ። ለተባለው የአስፋልት ዙር እኔም አልከራከርም። ግን ጓሳን ሌላ ጊዜ አድረው ሊያዩ ከፈለጉ፣ በተለይ ዝናብ ባለበት ወቅት፣ ሌላው መኪና ጨዋታ ነው። ጥቁሩ ኮትቻ አፈር ሲርስ የጎማውን ጥርስ ይሞላና ጎማው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እዚያ ላይ የሚያወጣው ከመሬት ከፍ ማለቱ፣ ሸካራ ጥርስ ያለው ጎማና ዝቅተኛው ማርሽ ነው።

ሃርድቶፕ ለሚከራይ ሁለት ነገር። የድሮዎቹ የፊት ጎማ መሐል ላይ በእጅ የሚዞር ፍሪ ዊል አላቸው፤ እሱ «ሎክ» ላይ ካልዞረ ውስጥ ያለውን የፎር ዊል ማርሽ ብታስገቡም የፊት ጎማ አይጎትትም። ጭቃ ውስጥ ከገቡ በኋላ ወርዶ ማዞር ጫማን ማጥፋት ነውና ጭቃው ሳይደርስ ይዞር። ሁለተኛ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ በፎር ዊል አይነዳም። ኩርባ ላይ የፊትና የኋላ ጎማ እኩል ስለማይዞር ካምቢዮውና ዲፍረንሻሉ ይጨናነቃሉ። «ተራራ ነው» ብሎ ከደብረ ብርሃን ጀምሮ አስገብቶ የሚሄድ ሹፌር ካያችሁ መኪናውን አያውቀውም።

በጣርማ በሩ ዋሻ ውስጥ ስለ መንዳት ደግሞ ማንም አላነሣም። ጣልያን የሠራው ነው፣ 587 ሜትር። ከደማቅ ፀሐይ ድንገት ጨለማ ውስጥ ስለምትገቡ ዓይን እስኪለምድ ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል። ሳይደርሱ ፍጥነት ቀንሶ መብራት ማብራት፣ ጥቁር መነጽር ማውለቅ፣ ውስጥ አለመቅደም፣ ለፎቶም አለመቆም። ከገቡበት በኩል ብራ ሆኖ ሲወጡ ጉም ቢጠብቃችሁ አትደንግጡ። ጉም ውስጥ ረጅሙ መብራት ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ አጭሩን ተጠቀሙ።

ውል አንባቢ

መኪናው ላይ ተነግሯል፣ እኔ ወረቀቱ ላይ ልጨምር።

አከራዮች «ከተማ» እና «ፊልድ» ብለው ዋጋ ይለያሉ። የእናንተ ጉዞ ፊልድ ነው። ዋጋ ለማስቀነስ «ከተማ ውስጥ ነው» ብላችሁ ተዋውላችሁ አንኮበር ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር ውሉ እናንተው ላይ ይዞራል። አንኮበር፣ ጣርማ በርና ደብረ ሲና በስም ይጻፉ። ቀጥሎ የኪሎ ሜትር ገደቡ፦ የቀን ገደቡ 150 ከሆነ እናንተ 50 ታልፋላችሁና ለእያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ ሜትር ስንት እንደሚከፈል አሁኑኑ ይታወቅ። «ቀን» ማለት 12 ሰዓት ነው ወይስ 24? ሹፌር ካለው አበሉና ምሳው በማን ነው? ነዳጅ በተረከባችሁበት ልክ መመለስ ከሆነ የጌጁንና የኪሎ ሜትሩን ፎቶ ቁልፍ ስትቀበሉ አንሡ።

ዋስትናው ሌላ ነው። ሦስተኛ ወገን የሚባለው በሕግ ግዴታ የሆነው ብቻ ነው፤ በሌላ ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት እንጂ ለተከራያችሁት መኪና አይከፍልም። ሙሉ ዋስትና አለው ከተባላችሁ ሰነዱን ጠይቁና ሦስት ነገር እዩ፦ ጊዜው፣ ጉዳት ሲደርስ መጀመሪያ ከኪስ የሚከፈለው መጠን፣ እና የሚነዳው ሰው በዋስትናው የሚሸፈን መሆኑ። ጎማ፣ መስታወትና የመኪናው ሆድ ብዙ ጊዜ አይካተቱም። ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ቋት) ድንጋይ ላይ ቢመታና ዘይት ቢያፈስ በተከራይ ነው የሚታሰበው፤ ስለዚህ በቪዲዮ ስትቀርጹ ዙሪያውን ብቻ ሳይሆን ስልኩን ከሥር አስገብታችሁ ኮፓውንም ቅረጹ። ቦሎው የዘንድሮ መሆኑን መስታወቱ ላይ ታዩታላችሁ።

የጠባሴዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ጓሳን አውጥተነዋል፣ እናቴም ደስ ብሏታል። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ራቭ ፎሩ ኮድ 2 ነው፤ ባለቤቱ «ያለ ውል በመተማመን ይሁን፣ ዋጋም እቀንስላችኋለሁ» አለ። ደግሞ ዛሬ አንድ ሰው በአንድ ቻርጅ 400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የሚሉትን የኤሌክትሪክ መኪና አቀረበልን። ነዳጅ ሰልፍ የለበትም ብሎ ባለቤቴ ልቡ ወደዚያ ሄዷል።

ባለ ካምቢዮ

ኤሌክትሪኩ ከፍታ ላይ ጉልበት አይቀንስም፣ አየር አያቃጥልምና። በዚህ ከአራቱም ይበልጣል። 2 ቶን የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ለከፍታው ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ ሲወርድ ከዚያው ከግማሽ በላዩን መልሶ ይሞላል፣ ፍሬኑንም ያሳርፋል። ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ቁልቁለት ከጀመረ ግን የሚመልስበት ቦታ ስለሌለው ሥራው ሁሉ ወደ ተራው ፍሬን ይሄዳል። እናንተ ከደብረ ብርሃን መጀመሪያ ስለምትወጡ ይህ አያሳስባችሁም። 400 የተባለውን ግን በብርድ፣ በአምስት ሰው፣ በዳገት 270 ብላችሁ ያዙት። 200 ትሄዳላችሁ፤ ይበቃል፣ ግን መንገድ ላይ ቻርጅ አደርጋለሁ ብላችሁ አትነሡ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ስኮርታ የላቸውም፤ በምትኩ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ነው የሚሰጡት። ሚስማር ለወጋው ይሠራል፣ ሹል ድንጋይ በጎኑ ለቀደደው ጎማ ምንም አያደርግም። ጎሚስታ ጋ ለመድረስ እንኳ የሚሽከረከር ጎማ ይፈልጋል፤ ጎማው መሬት ላይ ሆኖም አይጎተትም፣ ጫኝ መኪና ላይ ነው የሚወጣው። ባትሪውም ከሥር ስለተነጠፈ ሆዱ ዝቅ ያለ ነው። ስኮርታ ካለው ውሰዱት፣ ከአስፋልት አትውጡ። ከሌለው ኮሮላው ይሻላችኋል።

ውል አንባቢ

ኮድ 2ውን ተይው እህቴ፣ ራቭ ፎር ስለሆነም አያጓጓሽ። ኮድ 2 የግል ነው፣ ለኪራይ የሚሠራው ኮድ 3 ነው። ለግል አገልግሎት የተገባ ዋስትና መኪናው በኪራይ ላይ እያለ ለደረሰ ጉዳት «ከውሉ ውጭ ነው» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ያኔ ባለቤቱ ወደ እናንተ ነው የሚዞረው፤ በመተማመን የተባለውም ያኔ ያበቃል። ባለ ኮድ 3 ራቭ ፎር ካላገኛችሁ ኮሮላውን በውል ያዙ። የሚሰጧችሁን ሊብሬ ሰሌዳው ላይ ካለውና ሻንሲው ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር አስተያዩት፣ ፎቶውንም አንሡ፤ ኬላ ላይ ሲጠየቅ ዋናው ሰነድ «ቢሮ ቀርቷል» የሚባል ከሆነ ቅጂው ላይ ማኅተም አስደርጉ።